ቃር፣ ኪኒንና ሰዓት

የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ተጠናቆ ምእመኑ ወደየቤቱ ሲበተን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ያልደረሰበት ሆድ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ አይብ፣ አንዳንዴም ክትፎ ይቀርብለታል፤ ጠላውና ጠጁ ከላይ ይወርድበታል። ተበልቶ ሲያበቃ ሁሉም ወደ አልጋው ነው። ሰውየው ትንሽ ሸለብ እንዳደረገው ከደረቱ አጥንት ኋላ የጋለ ነገር ወደ ላይ ይገፋል፤ ጉሮሮው ድረስ ይመጣና አፉን ያኮመጥጠዋል። ቃር ነው። በረመዳንም ከሱሁር በኋላ ጋደም የሚል ሰው ይህንኑ በደንብ ያውቀዋል።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ከዚያ ገጥሞ መቆየት አለበት። ጨጓራ ከልክ በላይ ሲወጠር ግን ያለ ጊዜው ይላላል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ አልኮል ጡንቻውን ይብስ ያላላዋል፤ መተኛት ደግሞ አሲዱን ወደ ታች ይዞት የነበረውን የመሬት ስበት ያስቀርበታል። የጨጓራ ግድግዳ ዝልግልግ በሆነ ወፍራም ሽፋን ስለተለበጠ አሲዱን ይችለዋል። የምግብ ቧንቧ እንዲህ ያለ ልባጭ ስለሌለው አንድ ማንኪያ የማይሞላ አሲድ እንኳ ያንገበግበዋል።

ሲነጋ ክፍት መድኃኒት ቤት ያገኘ ሰው የሚገዛው የታወቀ ነው፤ ነጯን የምትታኘክ ፍሬ ወይም በብልቃጥ ያለውን ነጭ ፈሳሽ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም፤ በዚህ የተነሳ በቦርሳና በመኪና ኪስ እንደ ከረሜላ ተይዞ ይዞራል። እውነቱን ለመናገር ፀረ-አሲድ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው፣ አልፎ አልፎ እስከወሰደው ድረስ፣ የሚያስፈራ መድኃኒት አይደለም። መዘዝ የሚያመጣው በምን ሰዓት፣ ከየትኛው ሌላ መድኃኒት ጋር እንደተወሰደ ሳይታሰብበት ሲቀር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ስር የሰደደ በሽታን እያስታገሰ ሲሸፍን።

በቅድሚያ ስለ አሲዱ ጥቂት እንበል። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ማኪናክ በምትባል ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በአደን ጠመንጃ ሆዱን ተመታ። ዊልያም ቦሞንት የሚባል የጦር ሐኪም አከመውና ዳነ፤ ቁስሉ ግን እስከ ጨጓራው ዘልቆ ቀዳዳው ሳይደፈን ቀረ። ቦሞንት በዚያች ቀዳዳ ሥጋና አትክልት በክር አስሮ እያስገባ፣ መልሶ እያወጣ፣ ጨጓራ ምግብን እንዴት እንደሚፈጭ ለዓመታት አጠና፤ ውጤቱንም በ1833 በመጽሐፍ አወጣ። (ሴንት ማርቲን በዚህ ሁሉ ምን ያህል ደስተኛ እንደነበር ሌላ ጥያቄ ነው፤ ደጋግሞ ጥሎት ሄዷል።) በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን አሳየ። ዛሬ እንደምናውቀው ጨጓራ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ አሲድ ሥጋና ባቄላ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን መፍጨት ያስጀምራል፣ ከምግብና ከውሃ ጋር የገባ ተሕዋስን ይገድላል፣ ብረት ወደ ደም እንዲገባም ያግዛል። ጨርሶ ቢጠፋ እንጎዳለን።

ፀረ-አሲድ የአሲዱን ምንጭ አይነካም። የተመረተውን አሲድ ያገኘዋል፣ ከእሱ ጋር ተዋሕዶ ወደ ጨውና ውሃ ይለውጠዋል፣ በቃ። ደቂቃዎች ሳይቆይ የሚያስታግሰው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀውም ለዚሁ። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራ ወዲያው ወደ አንጀት ስለሚያሳልፈው ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢያገለግል ነው። ምግብ ከተበላ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሲወሰድ ግን ከምግቡ ጋር ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ እስከ ሦስት ሰዓት ያህል ይሠራል። ጠዋት ሳይቀምስ አንድ ፍሬ አኝኮ «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለተኛ የሚጨምር ሰው፣ መድኃኒቱን ከቁርስ በኋላ ቢያደርገው ኖሮ አንዷ ትበቃው ነበር።

የምትታኘከዋ በደንብ መታኘክ አለባት። እንደ ሌላው ኪኒን በውሃ የሚውጣት ሰው ሞልቷል፤ ሳትፈርስ ጨጓራ የገባች ፍሬ ከአሲዱ ጋር የምትገናኘው በውጭ ገጿ ብቻ ነው። ፈሳሹ ደግሞ ዱቄቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ብልቃጡ በደንብ መወዝወዝ ይፈልጋል፤ ሳይወዘወዝ የሚጠጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃውን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ጭቃውን ይጠጣል። መጠኑን ከብልቃጡ ጋር በሚመጣው መለኪያ መለካት ይሻላል፤ የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ከብልቃጡ አፍ እንደመጣ መጎንጨት ደግሞ ጭራሽ ልክ የለውም።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። በሣጥኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገር ማየት የሚጠቅመው እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ስላለው ነው። ማግኒዚየም ያለው ፈጥኖ ይሠራል፣ ነገር ግን ሆድ ያስቀምጣል። አልሙኒየም ያለው ቀስ ይላል፣ ሆድም ያደርቃል። ፋብሪካዎች ሁለቱን በአንድ ፍሬ የሚቀላቅሏቸው አንዱ የሌላውን ጥፋት እንዲያካክስ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ አይሳካም። ጫት የሚቅም ሰው ሆዱ አስቀድሞ የደረቀ ስለሚሆን አልሙኒየም የበዛበት መድኃኒት ይብስበታል። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ሆድ ከማድረቁ ሌላ፣ በብዛት ሲወሰድ የሥራው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጨጓራን መልሶ አሲድ እንዲያመርት ይቀሰቅሳል። ሰውየው ያንን እንደገና በፀረ-አሲድ ያበርደዋል፣ እንደገና ይቀሰቀሳል። በባሕር አረም በተሠራ አልጂኔት የተዘጋጀው፣ ጋቪስኮን በሚል ስም የሚታወቀው፣ በጨጓራ ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፍ ሽፋን ስለሚሠራ ከምግብ በኋላና ወደ መኝታ ሲኬድ ለሚነሳ ቃር ጥሩ ነው።

ስለ ቤኪንግ ሶዳ ለብቻው ላንሳ፤ በየቤቱ ስላለ ማንም አይፈራውም። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይፈጥራል፤ ያ ጋዝ በግሳት ሲወጣ ሰውየው «ተነፈሰልኝ» ይላል። እንደ ኢኖ ያሉት የሚፈሉ ዱቄቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ወደ 1,260 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ነው። ደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው በአንዲት ማንኪያ ከዕለት ልኩ ከግማሽ በላይ ሶዲየም ገባለት ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቁንጣን እስኪይዘው በልቶ ወዲያው ቤኪንግ ሶዳ የጠጣ ሰው ጨጓራው በጋዝ ተወጥሮ የተቀደደበት አጋጣሚ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በሕክምና ተመዝግቧል። ሆድ ጥግብ ባለበት ሰዓት አለመውሰድ፣ ዱቄቱም በውሃ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ አለመጠጣት የሚባለው ለዚህ ነው። አምቦ ውሃ የዋህ ነው፤ ሆኖም ጋዙ ጨጓራን ስለሚነፋ ቃር ላለበት ሰው አንዳንዴ ከማስታገስ ይልቅ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ያሉ አዛውንትና መድኃኒት ሻጯ እንዲህ ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

«ልጄ፣ ያቺን የምትታኘከዋን ስጪኝ እስቲ፤ ጨጓራዬ ነዶ ሊያልቅ ነው።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ አባባ?»

«የታይፎይድ ናታ። ሐኪም ነው የሰጠኝ። ያቃጠለችኝም እሷው ናት፤ እኔም አብሬ ላኝካት ብዬ ነው።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አጥፈው የያዟትን የኪኒን ቅጠል አወጡ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ 500 ሚሊግራም።

«አብረው ከወሰዷት እኮ የታይፎይዷ አትሠራም አባባ።»

«እንዴት አትሠራም? ዋጥኳት እኮ!»

የአዛውንቱ መልስ የብዙዎቻችን መልስ ነው። የተዋጠ ሁሉ ግን ወደ ደም አይገባም። በፀረ-አሲድ ውስጥ ያሉት አልሙኒየም፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም የሲፕሮፍሎክሳሲንን ሞለኪውል ጨምድደው ይይዙታል፤ አንድ ላይ የተያያዙት በአንጀት ግድግዳ ማለፍ ስለማይችሉ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ሲፕሮ ከመወሰዱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ፀረ-አሲድ ከተወሰደ ወደ ደም መግባት ከነበረበት መድኃኒት ከሦስት አራተኛው በላይ ይባክናል። ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዷል፣ አንድም ቀን አላቋረጠም፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም። ሐኪሙ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል» ብሎ ወደ ከባዱ ይሻገራል። በጨጓራ ኪኒን የተሸነፈ አንቲባዮቲክ በካርዱ ላይ እንዳልሠራ መድኃኒት ይመዘገባል።

መድኃኒት ሻጯ የሰጠቻቸው መፍትሔ ቀላል ነበር። የታይፎይዷን ምግብ በልተው ይውሰዷት፤ ከወተትና ከእርጎ ጋር ብቻ አያድርጓት፤ የምትታኘከዋን ከእሷ ያርቋት። ርቀቱ እኩል አለመሆኑ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፀረ-አሲዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከተወሰደ በሰላም ያልፋል። ፀረ-አሲዱ ከቀደመ ግን አንጀት ውስጥ ስለሚቆይ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር እናስላው። ሲፕሮን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት የሚወስድ ሰው፣ ቀን ላይ ፀረ-አሲድ የሚፈቀድለት ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከ7 ሰዓት ካሳለፈ የማታዋን ያበላሽበታል። ሌሊትም እንዲሁ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7። እራቱን በልቶ ወደ መኝታው ሲሄድ ቃር የሚያስቸግረው ሰው እንግዲህ ቦታ አለው፤ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚያስቸግረው ግን ትዕግሥት ወይም ሌላ ዓይነት መድኃኒት ያስፈልገዋል። ይህችን ስሌት በሣጥኑ ጀርባ በእስክርቢቶ ማስጻፍ ነውር የለውም።

ስሌቱ ለሌሎችም ይሠራል፣ አንዳንዶቹም ከታይፎይድ የከበዱ ናቸው። በኢትዮጵያ የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያሉ አብዛኞቹ ሰዎች ዶሉቴግራቪር ያለበትን በቀን አንድ ፍሬ የሚወሰድ መድኃኒት ይጠቀማሉ። አልሙኒየምና ማግኒዚየም ይህንንም ይይዙታል፤ ደንቡ ያው ነው፣ መድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚወስድ ሰው ከ4 ሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ቀን 8 ሰዓት ድረስ ነጻ ነው። በዚህ መድኃኒት መጠን መጓደል ማለት ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር መክፈት ነው፤ ሆኖም ጨጓራውን ለማስታገስ ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ሰው በሰው ፊት ስለ ሌላው መድኃኒቱ አይናገርም። ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት መድኃኒቱን በሚሰጠው የጤና ተቋም በራሱ ክፍል ውስጥ ነው፤ «ቃር ቢነሳብኝ ምን ልውሰድ፣ በስንት ሰዓት?» ማለት ይበቃል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪኒኖቹን ከፀረ-አሲዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስቀድም፤ አልሙኒየም የአይሶኒያዚድን ወደ ደም መግባት ይቀንሳል። መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሊቮፍሎክሳሲን ወይም ሞክሲፍሎክሳሲን ሊወስድ ይችላል፤ እነዚህ የሲፕሮ ዘመዶች ስለሆኑ ጥንቃቄው ጠበቅ ይላል። ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ ይያዛል። ለእንቅርት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ ተወስዶ ከፀረ-አሲድ አራት ሰዓት መራቅ ይፈልጋል። ሽፋናቸው አንጀት ደርሶ እንዲፈርስ የተሠሩ ኪኒኖችም አሉ፤ ጨጓራ አሲዱን ሲያጣ ሽፋኑ አንጀት የደረሰ ይመስለውና እዚያው ጨጓራ ውስጥ ይፈርሳል። የማይታወቅ መድኃኒት ሲያጋጥም ስሙን ለባለሙያ ማሳየት፣ እስከዚያው ግን ሁለቱን በአንድ ጉንጭ አለመውሰድ ነው።

እርጉዝ ሴት ቃር አይቀርላትም ማለት ይቻላል፤ የእርግዝናው ሆርሞን ጡንቻውን ያላላዋል፣ ጽንሱም ከታች ይገፋል። ካልሲየም ካርቦኔት ወይም አልጂኔት ያለበት በልኩ ቢወሰድ ይፈቀድላታል፤ ቤኪንግ ሶዳ ግን አይመከርም፤ ጨውና ውሃ በሰውነት ይይዛል። በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጣትን 60 ሚሊግራም ብረት ያለበትን እንክብል ከፀረ-አሲዱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ታራርቀው። ብረቱ ራሱ ጨጓራዋን እየነካው አብራ ነጯን የምታኝክ እናት ሁለቱንም ወሰደች፣ ደሟ ግን አልሞላም።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዚየምና አልሙኒየም ያለበትን በራሱ ፈቃድ መውሰድ የለበትም። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግዳል፤ የደከመው ግን ያከማቸዋል፤ ማግኒዚየም ሲበዛ ጡንቻ ይልፈሰፈሳል፣ የልብ ምት ይዘገያል፤ አልሙኒየም ሲጠራቀም አጥንትና አንጎል ይጎዳል። ለሕፃናት ደግሞ ያለ ሐኪም ቃል አይሰጥም።

ወተትም የራሱ ታሪክ አለው። «ጨጓራ ላለበት ወተት» የሚለው ምክር በእኛ ቤት ብቻ የተወለደ እንዳይመስለን። በ1915 እ.ኤ.አ. የቺካጎው ሐኪም በርትራም ሲፒ የጨጓራ ቁስል ያለበትን ሰው በየሰዓቱ ወተትና ክሬም እያጠጡ፣ በመሐል የአልካሊ ዱቄት እየሰጡ የማከም ዘዴ አስተዋወቀ፤ ለአሠርት ዓመታትም ተሠራበት። ከታከሙት አንዳንዶቹ ራሳቸውን ያማቸው፣ ያስመልሳቸው ጀመር፤ አእምሯቸው ደነገዘ፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ደማቸው ውስጥ ካልሲየምና አልካሊ ከመጠን በላይ ተጠራቅሞ ነበር። ዛሬም ካልሲየም ካርቦኔትን ቀኑን ሙሉ እያኘከ በላዩ ወተት የሚደርብ፣ ወይም ለአጥንቱ ካልሲየም የሚወስድ ሰው ወደዚያው ሊደርስ ይችላል። ብቻውን የተጠጣ ወተት አሲዱን ለጥቂት ጊዜ ያበርደዋል፤ ከዚያ በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራን አሲድ እንዲጨምር ያነሳሳዋል። ተልባና አብሽ ይሻላሉ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ዝልግልጋቸው ሲጠጣ ማለስለሱን መካድ አይቻልም። ያው ዝልግልግ ግን ሌላ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ተልባውም ከኪኒን ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቢጠጣ ጥሩ ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የሆድ መድኃኒት ደግሞ ሣጥኑ ይነበብ። አሜሪካ የሚሸጠው የተለመደው አልካ-ሴልትዘር በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አስፕሪን አለበት፤ አስፕሪን ደግሞ የጨጓራ ቁስል ያለበትን ሰው ያደማል። ሮዝ ቀለም ያለው ፔፕቶ-ቢስሞልም የአስፕሪን ቤተሰብ የሆነ ነገር አለው፤ ምላስና ሰገራን ያጠቁራል።

ኦሜፕራዞል ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ሰው ግን በአንድ ከረጢት ያስቀምጠዋል። እሱ ያለውን አሲድ አያበርድም፣ አሲድ የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይዘጋል። እነዚያ ሕዋሳት ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲመጣ ስለሆነ፣ እንክብሉ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ ሙሉ ኃይሉ የሚታየውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ቃር ሲነሳ አንድ ኦሜፕራዞል ውጦ ወዲያው ማረፍ የሚጠብቅ ሰው ይበሳጫል። ለዚያች ሰዓት የሚሆነው የምትታኘከዋ ናት፤ ለወራት የሚመላለስ ቃር ያለበት ሰው ግን ሐኪም ቀርቦ ኦሜፕራዞል ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ። አልጋውን ከራስጌው በኩል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት፣ በግራ ጎን መተኛት ደግሞ ምንም አያስከፍሉም። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፈው ያን ያህል አይጠቅምም፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ከአልጋው እግር ሥር ማስገባት ይሻላል።

አሁን ደግሞ ፀረ-አሲድ ወደሚሸፍነው ነገር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አገኙ፤ ብዙ ሐኪሞች ግን በአሲድ ውስጥ ተሕዋስ አይኖርም ብለው አልተቀበሏቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ አቅለሸለሸው፣ አስመለሰው፤ ጨጓራው ሲመረመርም ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ፣ በኢትዮጵያ በጣም የተለመደ ነው፤ የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት በሚሰጥ ኦሜፕራዞልን የመሰለ መድኃኒትና ሁለት አንቲባዮቲክ ነው። ፀረ-አሲድ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ባክቴሪያውን ግን አይነካውም። ለምርመራ የሰገራ ናሙና መስጠት የደም ምርመራ ከማድረግ ይሻላል፤ የደሙ ምርመራ የድሮውን ከዛሬው ለይቶ አይናገርም። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ከሰገራው ምርመራ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም አለበት፤ ካላቆመ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊባል ይችላል።

ሌላው የቁስል ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለወገብና ለጉልበት ሕመም ለሳምንታት የሚወስዱ ሰዎች ጨጓራቸው ሲያቃጥላቸው በላዩ ፀረ-አሲድ ይደርባሉ። ፀረ-አሲዱ ማቃጠሉን ይሰውረዋል እንጂ ቁስሉን አያስቀርም፤ ማስጠንቀቂያው የቀረበት ሰው ደም እስኪፈሰው ድረስ ላያውቅ ይችላል። ሬንጅ የመሰለ ጥቁርና የሚከረፋ ሰገራ፣ የቡና አተላ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ ሲዋጥ የሚያንቅ ምግብ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ የማይለቅ ማስመለስ፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ የምትታኘከዋን ትቶ ወደ ሐኪም ነው። ብረትና ፔፕቶ-ቢስሞልም ሰገራ ያጠቁራሉ፤ ያም ቢሆን ሐኪሙ ይወስን። ምልክት የሌለውም ቢሆን ፀረ-አሲድ ያለ ምክር በየቀኑ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስፈልገው ሰው ምርመራው ደርሶለታል። በእርጅና ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃር የጀመረውም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚያሰጋው ልብ ነው። ልብና የምግብ ቧንቧ ስሜታቸውን ወደ አንጎል የሚልኩት በተቀራረቡ ነርቮች ስለሆነ አንጎል ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይሳሳታል። ደረት ላይ ክብደት እንደተጫነ ሆኖ የሚሰማ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ያለበት ሕመም የልብ ድንገተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ከላይኛው የሆድ ክፍል ማቃጠልና ማቅለሽለሽ በቀር ሌላ ላይታይ ይችላል። ፀረ-አሲድ ወስዶ ቀለል ማለቱ ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም፤ የልቡም ሕመም በራሱ ጊዜ ጋብ ብሎ ሊመለስ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ለዓመታት ቃር የሚያውቀው ሰው እንኳ የዛሬው ከወትሮው ከተለየበት፣ ነጯን ካኘከ በኋላም ቢሆን ሆስፒታል ሄዶ የልብ ምርመራ ይደረግለት፤ ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደም ለሐኪሙ ይንገረው።